ከገበጣ እስከ ባሕረ ሐሳብ፦ በቤት ያለው ሒሳብ ለምን ከትምህርት አይቆጠርም?

ልጆች ሒሳብን በቤታቸው እየተጫወቱ ይማሩ የሚለው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ከታተሙ ካርዶች፣ ከተገዙ መጫወቻዎችና ከስልክ መተግበሪያዎች ጋር ተያይዞ ይቀርባል። ምክሩ በዚህ መልኩ ወደ ምሥራቅ ጎጃም የገጠር ቤተሰብ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ይስታል፤ በቤቱ የሌለውን ይጠይቃል፣ ያለውን ደግሞ አያይም። በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ የሚኖር ልጅ ለሒሳብ የሚበቃ ጨዋታና እንቆቅልሽ አላጣም። የጎደለው ጨዋታውን ከጽሑፍ ሒሳብ ጋር የሚያገናኘው ድልድይ ነው። ድልድዩን መሥራትም ለወላጅ ብቻ የሚተው ሳይሆን የመምህራንና የተመራማሪዎች ኃላፊነት ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ከመቼውም በላይ አንገብጋቢ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ቁጥርን ከነትርጉሙ በሚይዝበት ዕድሜ ከክፍል የራቀ ልጅ ወደ ትምህርት ሲመለስ የሚጠብቀው የዕድሜ እኩዮቹ ክፍል እንጂ ያቋረጠው ትምህርት ላይሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከልጁ ጋር የቆየው ቤቱ ነው።

በቤቱ ምን አለ?

በመጀመሪያ ገበጣ አለ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ባሳተሙት ጥናት የጨዋታው ደንብ ከአካባቢ አካባቢ እንደሚለያይ በዝርዝር አሳይተዋል። በሁለት ረድፍ 12 ጉድጓድ ያለውና በየጉድጓዱ 4 ጠጠር የሚደረግበት ዓይነት ለምሳሌ ቢወሰድ፣ ጨዋታው በ48 ጠጠር ይጀመራል። ተጫዋቹ ከአንዱ ጉድጓድ ያነሣውን ጠጠር ከቀጣዩ ጀምሮ አንድ በአንድ እየጣለ ይሄዳል። የጎበዝ ተጫዋች ጥበብ የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምትወድቅ እጁን ሳያንቀሳቅስ ማወቁ ነው። የተነሣበትን ጉድጓድ በማያዘልለው ደንብ 12 ጠጠር የያዘ ልጅ ከተነሣበት ይመለሳል፤ 15 የያዘ ደግሞ ዙሩን ፈጽሞ በሦስተኛው ጉድጓድ ይጨርሳል። ልጁ ሳያውቀው 15ን ለ12 አካፍሎ ቀሪውን ፈልጓል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በቁጥር ንድፈ ሐሳብ ትምህርት የሚያገኘው የቀሪ ሒሳብ መነሻው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ሀብት የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ቢቸና ለዘመናት የቤተ ክህነት ትምህርት ማዕከል ሆኖ ከቆየው ከዲማ ጊዮርጊስ ብዙም አትርቅም። በአካባቢው ወርኃዊ በዓላትን በቃሏ የማታውቅ እናት ማግኘት ያዳግታል። ልጁ «ሚካኤል ሰኞ ከዋለ ገብርኤል መቼ ይውላል?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ከ12 እስከ 19 ያለውን 7 ቀን ቆጥሮ «ሰኞ» ይላል። ኪዳነ ምሕረትና ጊዮርጊስም እንዲሁ በ16 እና በ23 ስለሚውሉ በአንድ የሳምንት ቀን ይገናኛሉ። ሥላሴ በ7፣ ማርያም በ21፣ አማኑኤል በ28 መዋላቸውን ያስተዋለ ልጅ ደግሞ የ7ን ብዜቶች ያለ ሰንጠረዥ አገኘ ማለት ነው። ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ የበለጠ ይጣፍጣል፤ የሚቀጥለው ወር በዓል ለምን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቀን ይገፋል? ወሩ 30 ቀን ነው፤ 30 ለ7 ሲካፈል ደግሞ 2 ይተርፋል።

ከፍ ላሉ ልጆች ባሕረ ሐሳብ አለ። ለ2017 ዓ.ም. 5500 ሲደመር 7517 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ ከዚያም 1 ሲቀነስ ወንበሩ 11 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 1 አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 29 መጥቅዕ ይባላል። የሁለቱ ድምር 30 ነው። ልጁ የሌሎችን ዓመታት አውጥቶ ድምሩ ሁልጊዜ 30 መሆኑን ሲያይ «ለምን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ 11 እና 19 ራሳቸው ተደምረው 30 መሆናቸው ነው፤ ይህን በራሱ የደረሰበት ልጅ የመጀመሪያውን የሒሳብ ማረጋገጫ ሠርቷል። በሙስሊም ቤተሰቦችም ተመሳሳይ ጥያቄ አለ። የጨረቃው ዓመት ከፀሐዩ 11 ቀን ያህል ስለሚያንስ ረመዳን በየዓመቱ ያንኑ ያህል ቀድሞ ይገባል፤ የአበቅቴው 11ም ከዚሁ ልዩነት የመጣ ነው። ረመዳን ወደ ነበረበት ወቅት ለመመለስ ስንት ዓመት ይፈጅበታል? 365ን ለ11 ያካፈለ ልጅ 33 ዓመት ያህል እንደሆነ ይደርስበታል።

ሦስተኛው የቃል እንቆቅልሽ ነው። በብዙ አገሮች በሚነገረው የወፎች እንቆቅልሽ አንዲት ወፍ በሰማይ የሚያልፍ መንጋ አይታ «መቶ ወፎች ሆይ፣ ወዴት ናችሁ?» ትላለች። መንጋውም መቶ አለመሆኑን ይነግራታል፤ እነሱ፣ እነሱን የሚያህሉ፣ የእነሱ ግማሽ፣ የግማሹ ግማሽና እሷ ስትጨመር ግን መቶ ይሞላል። ፊደልን በቁጥር ቦታ ማስገባት ያልተማረ ልጅ የመንጋውን ሩብ አንድ ክምር ጠጠር ቢያደርገው፣ መንጋው 4፣ እኩያው 4፣ ግማሹ 2፣ ሩቡ 1 ክምር ሆኖ በድምሩ 11 ክምር ይወጣል። ከመቶ ጠያቂዋ ስትቀነስ 99 ይቀራል፤ አንዱ ክምር 9፣ መንጋውም 36 ነው።

ጨዋታ ብቻውን ይበቃልን?

አይበቃም። የዚህ ሐሳብ ደጋፊዎች አብዝተው የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ቴሬዚኛ ካራኸር፣ ዴቪድ ካራኸርና አናሉሲያ ሽሊማን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት በብራዚል ሬሲፌ ከተማ በገበያ የሚነግዱ 5 ልጆችን መርምረዋል። ልጆቹ በሚሸጡበት ቦታ ከተጠየቁት ሒሳብ 98 ከመቶውን በትክክል ሠሩ። ያው ሒሳብ ያለ ታሪክ በወረቀት ሲቀርብላቸው ግን ትክክለኛው መልስ ወደ 37 ከመቶ ወረደ። ይህ ለምሥራቅ ጎጃምም ትምህርት ነው። በገበያ መልስ የማይሳሳት ልጅ በፈተና ሊወድቅ ይችላል፤ የጎደለውም ችሎታው ሳይሆን በሁለቱ መካከል ያለው መሸጋገሪያ ነው።

መሸጋገሪያው ቀላል ሊሆን እንደሚችል ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ እ.ኤ.አ. በ2008 አሳይተዋል። በአሜሪካ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ ሕፃናት ከ1 እስከ 10 ቁጥር በተጻፈበት ሰሌዳ በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ሩብ ሰዓት ያህል ተጫውተው የቁጥር ግንዛቤያቸው ተሻሻለ። በቁጥር ፋንታ ቀለም በተቀባበት ሰሌዳ የተጫወቱት ግን ለውጥ አላሳዩም። ልዩነቱን ያመጣው መጫወት በራሱ ሳይሆን ጨዋታው ቁጥሩን ለልጁ ዓይን ማሳየቱ ነው።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮች ሊደረጉ ይገባል። አንደኛ፣ በቤት ከ«ስንት ነው?» ቀጥሎ «እንዴት አወቅሽ?» የሚለው ጥያቄ ሊለመድ ይገባል። ይህን ለመጠየቅ ማንበብ አያስፈልግም፤ ቡና ሲፈላ ወይም እህል ሲሰፈር ሊደረግ ስለሚችልም በሥራ ከተጠመዱት ከእናትና ከልጁ ተጨማሪ ሰዓት አይሻም። ሁለተኛ፣ የአንደኛ ደረጃ መምህራን በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ ወደ ቤት ልከው ልጁ ያመጣውን መልስ በክፍል በቁጥር ምልክት ያጽፉት፤ የገበጣው ጉድጓድም ከ1 እስከ 12 ቁጥር ይሰጠው። ሦስተኛ፣ በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የቢቸናንና የሞጣን የገበጣ ደንቦችና የቃል እንቆቅልሾች ይሰብስቡ፤ የተጫወቱና ያልተጫወቱ ልጆችን በማነጻጸርም ውጤታቸውን ይፈትኑ። ያልተፈተነ የአገር በቀል ዕውቀት ውዳሴ ልጆችን አይጠቅምም።

የቤት ሒሳብ የተዘጋ ትምህርት ቤት ምትክ አይሆንም፤ ለመዘጋቱም ማስተዛዘኛ ሊደረግ አይገባም። ጥቅሙ ሌላ ነው። ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ቀን ልጁ ባዶ እጁን እንዳልመጣ መምህሩ እንዲያውቅ ያደርጋል። የመጀመሪያው ትምህርትም ከሰሌዳው ሳይሆን ልጁ ከሚያውቀው 12 ጉድጓድ ሊጀምር ይችላል።