ጥርስን በሽቦ ማሳሰር፦ ለመልክ ወይስ ለንክሻ?



የዛሬውን ጽሑፌን በራሴ ስሕተት እጀምራለሁ። ቀን ቀን በመደበኛ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ በሰፈራችን መድረሳ ልጆችን ቁርኣን አስቀራለሁ። ከተማሪዎቼ መካከል አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። ሒፍዟ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሲን፣ ሷድና ዛይ አይጠሩላትም። ትንፋሿ በፊት ጥርሶቿ መካከል ሾልኮ ይወጣና ሲኗ ወደ ሣእ ያደላል። "መኽረጁን ጠብቂ! ምላስሽን ሰብስቢ!" እያልኩ በጓደኞቿ ፊት ደጋግሜ ተቆጥቻታለሁ። ስንፍና መስሎኝ ነበር። ልጅቷ ቀስ በቀስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ በመጨረሻም ተራዋ ሲደርስ አንገቷን ደፍታ ዝም ማለት ጀመረች።

በዚያው ሰሞን እናቷ መጡና "ኡስታዝ፣ የልጄን ጥርስ በሽቦ ላሳስርላት አስቤ ነበር። ጎረቤቶቼ ግን የአላህን ፍጥረት መለወጥ ነው፣ ሐራም ነው ይሉኛል። ደግሞስ ፊቷ ተለውጦ ሌላ ሰው ብትመስልብኝስ?" ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም ሳላጣራ "ሶብር ማድረጉ ይሻላል፤ መልክ ምን ያደርግላታል?" ብዬ መለስኩላቸው። እሺ ብለው ሄዱ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ልጆቹ የተጠበሰ በቆሎ ገዝተው በመድረሳው በር ላይ ይበላሉ። ሌሎቹ ይግጣሉ፤ እርሷ ግን ፍሬውን በጣቷ እየፈለፈለች ወደ ጉንጯ ትጨምራለች። "ለምን አትግጪውም?" አልኳት። "የፊት ጥርሶቼ አይገናኙም፣ ኡስታዝ" አለችኝና አፏን ገጥማ አሳየችኝ። የመንጋጋ ጥርሶቿ ተገናኝተው ሳለ፣ ከፊት በላይኞቹና በታችኞቹ ጥርሶች መካከል ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ነበር። የተቆጣሁት ስንፍናን ሳይሆን ንክሻን ኖሯል። ለእናትየው የሰጠሁት መልስም ስለ መልክ ብቻ የተሰጠ፣ ከጥያቄው ግማሹን የዘለለ መልስ ነበር። ስለዚህ ኪታቡንም ገለጥኩ፣ የጥርስ ሐኪሞችንም ጠየቅኩ። ያገኘሁትን እነሆ።

ክልከላው በምን ላይ ነው?

ብዙዎች የሚያነሡት በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን የዐብደላህ ኢብኑ መስዑድን (ረ.ዐ.) ሐዲስ ነው። በዚህ ሐዲስ ለውበት ብለው በጥርሶቻቸው መካከል ክፍተት የሚያበጁ፣ የአላህንም ፍጥረት የሚለውጡ ሴቶች ተወግዘዋል። በዚያ ዘመን አንዳንድ ሴቶች ወጣት ለመምሰል ጤነኛ ጥርሳቸውን ይሞርዱ ነበር። በእኛም አገር ፍንጭት እንደ ውበት ስለሚታይ ነገሩ ሩቅ አይደለም። አላህ ፍንጭት አድርጎ የፈጠራት ሴት ምንም አላጠፋችም፤ ሐዲሱ የሚነካው ደህናውን ጥርስ ሞርዳ ፍንጭት የምታበጀውን ነው።

ኢማም አን-ነወዊ በሶሒሕ ሙስሊም ማብራሪያቸው ላይ "ለውበት" በሚለው ቃል ላይ ቆም ይላሉ። የተከለከለው ውበትን ብቻ ፈልጎ የሚደረገው እንደሆነና ለሕክምና ወይም በጥርስ ላይ ላለ ጉድለት ሲባል የሚደረገው ግን ችግር እንደሌለበት ያስረዳሉ። ከዚህም ጋር የዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድ (ረ.ዐ.) ታሪክ ይነሣል። አፍንጫቸው በጃሂሊያ ዘመን በኩላብ ጦርነት ተቆርጦ ነበር። በብር ያሠሩት አፍንጫ ቢሸትባቸው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በወርቅ እንዲያሠሩ አዘዟቸው። ወርቅ ለወንድ የተከለከለ ሆኖ ሳለ ለችግር ሲባል ተፈቀደ ማለት ነው። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ "በልጁ አፍ ውስጥ የሚታከም ጉድለት አለ ወይ?" የሚለው ይሆናል።

ንክሻ ማለት ምን ማለት ነው?

የላይኛው ጥርስ ከታችኛው ጋር የሚገጥምበትን ሁኔታ ንክሻ እንለዋለን። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ኤድዋርድ አንግል በ1899 እ.ኤ.አ. የጥርስን አገጣጠም በሦስት መደብ ከፈለው። መለኪያው በ6 ዓመት ገደማ የሚበቅለው የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ጥርስ ነው። በአንደኛው መደብ መንጋጋ ጥርሶቹ በቦታቸው ይገጥማሉ፤ ጉድለት ካለም የሌሎቹ ጥርሶች መደራረብ ወይም መጣመም ነው። በሁለተኛው የታችኞቹ ጥርሶች ከላይኞቹ አንጻር ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ፤ በተለምዶ ገጣጣ የምንለው ብዙውን ጊዜ እዚህ ይመደባል። በሦስተኛው የታችኞቹ ወደ ፊት ይቀድማሉ። ከእነዚህ ሌላ እንደ ተማሪዬ የፊት ጥርሶች የማይገናኙበት፣ እንዲሁም የላይኛው መንጋጋ ጠቦ በጎን በኩል ከታችኛው ወደ ውስጥ የሚገባበት ሁኔታ አለ።

የንክሻ ጉድለት የሚያስከትለው ችግር ብዙ ነው። በፊት ጥርሱ መቁረጥ የማይችል ልጅ ምግብ ይመርጣል። በጣም የወጡ የላይ ጥርሶች ልጅ ሲወድቅ ቀድመው ይሰበራሉ። የተደራረቡ ጥርሶችን በብሩሽም ሆነ በመፋቂያ ማጽዳት ይከብዳል። የፊት ጥርሶች ካልተገናኙ ደግሞ እንደ ሲን ያሉ ፊደላት ሊበላሹ ይችላሉ። ይህ ሁሉ ከመስታወት ፊት ከመቆም ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

መንስኤው ብዙ ጊዜ ከወላጅ የሚወረስ የመንጋጋና የጥርስ መጠን ነው። ነገር ግን እኛው ልንከላከለው የምንችለውም አለ። ጣት መጥባት ከ4 ዓመት በኋላ ከቀጠለ የላይ ጥርሶችን ወደ ፊት ይገፋል፣ ክፍተትም ያመጣል። ተማሪዬ እስከ 9 ዓመቷ ጣቷን ትጠባ እንደነበር እናቷ ነግረውኛል። የወተት ጥርስ ደግሞ "መውደቁ አይቀርም" ተብሎ በብልዘት ያለ ጊዜው ሲነቀል፣ ጎረቤት ጥርሶች ተጠግተው የቋሚውን ጥርስ ቦታ ይይዙበታል።

ሽቦው ምን ይሠራል?

ጥርስ በአጥንት ውስጥ እንደ ሚስማር የተቸነከረ አይደለም። በሥሩና በአጥንቱ መካከል ቀጭን ጅማት አለ። ሽቦው በእርጋታ ሲገፋው፣ ጥርሱ በሚሄድበት በኩል ያለው አጥንት ይሟሟል፤ በተወው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት ይሠራል። ጉዞው በወር አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚወስደው ለዚህ ነው። ገፋ አድርጎ ማፍጠን የጥርሱን ሥር ሊጎዳው ይችላል።

ፊቷ ይለወጣል ወይ?

እናትየው የጠየቁኝ ሁለተኛው ጥያቄ ይህ ነበር። ከንፈር በፊት ጥርሶች ላይ ያርፋል። የወጡ ጥርሶች ወደ ኋላ ሲመለሱ ከንፈርም በመጠኑ ይከተላል፤ ግን ጥርሱ በተጓዘው ልክ አይደለም። ከዚህ በፊት አገጯን አጨማዳ በግድ ከንፈሯን ትገጥም የነበረች ልጅ ያለ ልፋት ትገጥማለች። ከጎን ስትታይ አፏ አካባቢ ረጋ ያለ ይሆናል። ዓይን፣ አፍንጫና የጉንጭ አጥንት ግን በቦታቸው ናቸው። ልጅቱ የእናቷና የአባቷ ልጅ እንደሆነች ትቀራለች።

መንጋጋው ራሱ ሲያጥር ወይም ሲረዝም ግን ነገሩ ሌላ ነው። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ከሆነ ሐኪሙ እድገቱን በመጠኑ ሊመራው ይችላል። ለምሳሌ ጠባብ ላንቃን ማስፋት የሚቀለው የላንቃው መጋጠሚያ አጥንት ሳይዘጋ፣ በልጅነት ነው። እድገቱን በጨረሰ ሰው ላይ ሽቦ ጥርስን እንጂ መንጋጋን አያንቀሳቅስም፤ ከፍተኛ ጉድለት ካለ የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። "ምላስህን ላንቃህ ላይ ተጭነህ ፊትህን ቅረጽ" የሚሉ ቪዲዮዎችን የምትመለከቱ ወጣቶችም ይህን አስቡ፤ ያደገ ሰው የመንጋጋ አጥንት በዚህ ልምምድ እንደሚቀረጽ የሚያረጋግጥ አስተማማኝ ማስረጃ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በመጽሐፍ የምናያቸው ብዙ የፊት ልኬቶች ከአውሮፓውያን የተወሰዱ ናቸው። ሞላ ያለ ከንፈር በአፍሪካ የተለመደ ተፈጥሮ እንጂ በሽታ አይደለም። ንክሻው ደህና ሆኖ ሳለ ከንፈሩን ለማሳነስ ብቻ ጤነኛ ጥርሶችን ማስነቀል፣ ሐዲሱ ወደሚያስጠነቅቀው ድንበር መጠጋት ነው። በአንዳንድ አገሮች ሽቦን ለጌጥ ብቻ ያለ ሐኪም የሚያስለጥፉም አሉ፤ ይህ ጥርስንም ገንዘብንም ማባከን ነው።

ለወላጆች

የአሜሪካ የጥርስ ማስተካከል ሐኪሞች ማኅበር ልጆች እስከ 7 ዓመታቸው አንድ ጊዜ እንዲታዩ ይመክራል። መታየት ማለት ወዲያው ማሳሰር ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ልጆች ቋሚ ጥርሶቻቸው እስኪወጡ ይጠብቃሉ። በአገራችን የዚህ ሙያ ስፔሻሊስቶች ጥቂት ናቸው፤ ወጪውም ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪሙን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ጉድለቱ ምንድን ነው? ባይታከም ምን ያመጣል? ጠቅላላ ወጪው ከክትትሉ ጋር ስንት ነው? የመጀመሪያው መልስ "እንዲያምር" ብቻ ከሆነ ገንዘባችሁን ለሌላ ጉዳይ አቆዩት።

የታሰረ ጥርስ ብርቱ ጽዳት ይፈልጋል። መፋቂያ ሱና ነው፤ ሆኖም በሽቦው ሥር የተሸሸገውን ምግብ በሙሉ ስለማያወጣ በለስላሳ ብሩሽና በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና መታገዝ አለበት። ቸል ከተባለ ሽቦው ሲፈታ ጥርሱ ላይ ነጫጭ የብልዘት ምልክቶች ይቀራሉ። ቆሎ፣ አጥንትና ከረሜላ ሽቦውን ይነቅሉታል። ከተፈታ በኋላም ሐኪሙ የሚሰጠው ማቆያ በታዘዘው መሠረት ካልተደረገ ጥርሶቹ ወደ ቀድሞ ቦታቸው ይመለሳሉ። የሁለት ዓመት ድካም በስንፍና ሲፈርስ ማየት ያሳዝናል።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። እናቷን ፈልጌ "የቀድሞው መልሴ ስሕተት ነበር፤ ያለ ዕውቀት ተናገርኩ" አልኳቸው። ቤተሰቡ ተረዳድቶ አሳሰረላት፤ ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራትም ወሰደ። ዛሬ በቆሎዋን ትግጣለች። ሲኗ ግን በአንድ ቀን አልተስተካከለም፤ ምላሷ የድሮውን መንገድ ለምዶ ስለነበር በየቀኑ ከዐስር በኋላ ትንሽ ትንሽ እየተለማመድን ነው። ይቅርታ የጠየቅኳትም በጓደኞቿ ፊት ነው፤ የተቆጣኋት እዚያው ነበርና።

እናንተም አስተማሪዎችና ወላጆች፣ አንድ ልጅ ፊደል ሲሳሳት ወይም ምግብ ሲመርጥ ከመቆጣታችሁ በፊት "እስቲ አፍህን ገጥመህ አሳየኝ" በሉት።

አላህ ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን። ወሏሁ አዕለም።