ስለ ቤት ሥርዐትና ስለ ጊዜ አከፋፈል

ባለጠጋ ከድኻ ይልቅ ብዙ መሬት፥ ብዙ ከብት፥ ብዙ ልብስ ሊኖረው ይችላል፤ ነገር ግን ለሁለቱም በቀን የተሰጣቸው 24 ሰዓት ብቻ ነው። ገንዘብ ቢጠፋ ሌላ ገንዘብ ይሠራል፤ ያለፈ ሰዓት ግን ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ አባቶች «አባት ሳለ አጊጥ፥ ጀንበር ሳለች ሩጥ» ብለው ተረቱ። ይሁን እንጂ ብዙ የሚሮጥ ሰው ሁሉ ብዙ የሚሠራ አይደለም። የጠፋበትን ማጭድ ለመፈለግ የሚሮጥ አለ፤ ትናንት በፀሐይ ሊያመጣው ይገባ የነበረውን እንጨት ዛሬ በዝናብ ለማምጣት የሚሮጥም አለ። እንዲህ ያለው ሩጫ ከሥራ ብዛት ሳይሆን ከሥርዐት ማጣት የመጣ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ሊታሰብ የሚገባው ነገር አለ። በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ያባከነውን ሰዓት ሌላው ይከፍለዋል። አባት ያልሰበሰበውን ዕቃ እናት ትሰበስባለች፤ ወንድም በጨዋታ ያሳለፈውን ጊዜ እኅት በድካም ትተካለች። እንግዲህ ቤትን በሥርዐት መያዝና ቀንን ማካፈል የንጽሕና ነገር ብቻ አይደለም፤ በቤተ ሰብ መካከል በቅን የመፍረድ ነገር ነው። ይህንንም ለመረዳት የዶርዜን አገር መመልከት ይበቃል።

ዶርዜ በጋሞ ዞን፥ ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን ወደ ጨንቻ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ ደጋ ነው። አርባ ምንጭ የዐባያንና የጫሞን ሐይቆች ቍልቍል የሚያይ ሞቃት ከተማ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ዶርዜ የሚሄድ ሰው ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል፤ በላይም ብርድና ጉም ይቀበለዋል። የዶርዜ ሰው ከሁሉ ይልቅ በሁለት ነገር ስሙ ተጠርቶአል፤ በሸማ ሥራውና በቤቱ አሠራር።

የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተጐንጕኖ የሚሠራ ነው። ክዳኑ የእንሰት ቅጠልና የቀርከሃ ቅርፊት ነው። አዲስ ሲሆን ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ መግቢያውም ወደ ፊት ወጣ ያለ ስለ ሆነ ከሩቅ ሲታይ የዝሆን ራስ ይመስላል። በውስጡ ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ፤ ሆኖም አይደባለቁም። ከብቶቹ በአንድ ወገን ይታሰራሉ፤ መኝታው በቀርከሃ ተከልሎ በሌላ ወገን ይሆናል፤ እሳት የሚነድበትም ምድጃ የራሱ ስፍራ አለው። ይህ ቤት መስኮት የለውም። በጨለማ የሚገባ ሰው ግን የዕቃው ስፍራ ካልተለወጠ እንስራውንም ቢላዋውንም በእጁ ዳብሶ ያገኛል። ስፍራው በየቀኑ የሚለወጥ ከሆነ መብራት ያለበት ቤት እንኳ አይረዳውም። እንግዲህ የመጀመሪያው ሥርዐት ይህ ነው፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ስፍራ መስጠት፥ ከሥራም በኋላ ወደዚያው መመለስ። ይህን ለማድረግ ቁም ሣጥን መግዛት አያስፈልግም፤ በግድግዳ ላይ የተሰካ አንድ እንጨትና አንድ ቅርጫት ይበቃል።

ለዶርዜ ቤት ትልቁ ጠላት ምስጥ ነው። ምስጥ ቤቱን ከሥሩ ስለሚበላው ቤቱ ከዓመት ወደ ዓመት ዝቅ ይላል። የሚበላው ጥቂት በጥቂት ስለ ሆነ በአንድ ቀን አይታወቅም። በቤት ውስጥ የሚባክን ጊዜም እንደዚሁ ነው። በቀን ግማሽ ሰዓት ዕቃ በመፈለግ የሚያጠፋ ሰው ምንም ያጠፋ አይመስለውም። በዓመት ቢቈጠር ግን 182 ሰዓት ከግማሽ ይሆናል። በዶርዜ አገር ቀኑ ዓመቱን ሁሉ ወደ 12 ሰዓት ያህል ብርሃን አለው፤ እንግዲህ ያ ሰው በዓመት 15 ሙሉ ቀን፥ ፀሐይ ከወጣችበት እስከምትጠልቅበት ድረስ፥ ዕቃ ሲፈልግ ውሎአል ማለት ነው።

ሁለተኛው ሥርዐት የትኛው ሥራ ከየትኛው እንደሚቀድም ማወቅ ነው። ይህን ከሸማኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በዶርዜ እንደ ቀድሞው ልማድ ሴቶች ጥጥ ይፈትላሉ፥ ወንዶች ይሸምናሉ። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ካልወጣ አይነደፍም፤ ካልተነደፈ አይፈተልም። ድሩ ካልተደራ ሸማኔው ሊቀመጥ አይችልም፤ ማጉም በቀሰም ካልተጠቀለለ መወርወሪያው ባዶ ነው። ዛሬ ብዙ ሸማኔ የፋብሪካ ክር ይገዛል፤ ቢሆንም ክሩ ቀድሞ ካልተዘጋጀ እጁን አጣጥፎ መቀመጡ አይቀርም።

የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ ነው። አሁን ሁለት ጎረቤቶች ይታሰቡ። ሁለቱም ሸማኔዎች ናቸው፤ ሁለቱም ሦስት ቀን የሚፈጅ ሸማ ለሰኞ ገበያ ማድረስ ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው ከገበያው ቀን ወደ ኋላ ይቈጥራል። እሑድ ዕረፍት ነው፤ ስለዚህ ሐሙስ፥ ዓርብና ቅዳሜ መሸመን አለበት። ለዚህም ድሩና ማጉ ረቡዕ ማታ መሰናዳት ይገባቸዋል፤ ጥጡም ባለፈው ሰኞ መገዛት ነበረበት። ይህን አስቦ ለቤተ ሰቡ በጊዜው ይነግራል። እያንዳንዱም ድርሻውን በጥቂት በጥቂቱ ይሠራል፤ ማንም አይጨነቅም።

ሁለተኛው ጎረቤት አይቈጥርም። ሐሙስ ጠዋት በደስታ መሸመን ይጀምራል፤ ማታ ግን ማጉ እንደማይበቃ ያያል። ያን ሌሊት ሚስቱ በኩራዝ ብርሃን ስትፈትል ታድራለች፤ ዓርብም እንዝርቷን አታስቀምጥም። እንግዲህ ውሃውን ማን ይቅዳ? ቆጮውንስ ማን ይጋግር? ታላቂቱ ልጅ ዓርብ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። በዚያን ቀን መምህሩ አዲስ ትምህርት ያስተምራል፤ እርሷ ግን አልሰማችም። ሸማው ሰኞ ገበያ ይደርሳል፥ ይሸጣልም። አባትየውም «እንዲያው ደረሰልን» ብሎ ደስ ይለዋል። ያ አባት ክፉ ሰው አይደለም፥ ልጁንም ይወዳል። ነገር ግን የሸማውን ዋጋ ሲቈጥር የልጁን ዓርብ አልቈጠረም። እንዲህ ያለ ዓርብ በዓመት አሥር ጊዜ ቢደጋገም ልጅቱ ከክፍሏ ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ከዚያም በኋላ ሰዎች «ይህች ልጅ ትምህርት አይገባትም» ይላሉ። ያልገባት ትምህርቱ አይደለም፤ ሰዓቷ ተወስዶባት ነው።

ሦስተኛው ሥርዐት ረጅም ጊዜ የሚፈልገውን ሥራ አስቀድሞ መጀመር ነው። ይህንንም እንሰት ያስተምራል። እንሰት በኢትዮጵያ ከ15 ሚሊዮን የማያንሱ ሰዎች የሚመገቡት ተክል ነው። ከተተከለ በኋላ ለመፋቅ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። ከተፋቀም በኋላ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ በጉድጓድ ውስጥ ይብላላል፤ ወዲያው አይበላም። የራበው ሰው ዛሬ እንሰት ቢተክል ዛሬ አይጠግብም። ስለዚህ ብልህ ገበሬ በየዓመቱ ጥቂት ይተክላል፤ በጓሮው የአንድ ዓመት፥ የሦስት ዓመትና የስድስት ዓመት እንሰት አብረው ይቆማሉ። ተማሪም እንደዚሁ ነው። ለፈተና የሚያጠና ልጅ ትምህርቱን ሁሉ በአንድ ሌሊት ሊጨርስ አይችልም፤ በየማታው ግማሽ ሰዓት የሚያነብ ግን በፈተናው ዋዜማ በሰላም ይተኛል።

አራተኛው ሥርዐት በየቀኑ መጽናት ነው። ዳን ስፐርበር የተባለ ፈረንሳዊ የዶርዜን ሰዎች ልማድ አጥንቶ በ1974 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። በዚያ መጽሐፍ የጻፈው አንድ ነገር ያስደስታል። የዶርዜ ሰዎች ነብር ክርስቲያን ነው፥ ረቡዕና ዓርብም ይጾማል ይሉ ነበር። ሆኖም በረቡዕና በዓርብ ከብቶቻቸውን ከነብር መጠበቃቸውን አይተዉም ነበር። ይህ ትልቅ ጥበብ ነው። አንድ ቀን ምን ይጐዳል ብሎ በሩን ክፍት የሚተው ሰው ከብቱን ያጣል። «ዛሬ ብቻ ዕቃውን እዚህ ልጣለው፥ ዛሬ ብቻ እንስራው ባዶ ይደር» የሚልም እንደዚሁ ነው፤ ነብር ይጾማል ብሎ እንደ መተኛት ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ሰዓት መቍጠር ለቢሮ ነው፤ ቤት ግን የዕረፍትና የፍቅር ስፍራ ነው» ይላሉ። ቤት የዕረፍት ስፍራ መሆኑ እውነት ነው። ግን ዕረፍቱ ለሁሉም ነው ወይስ ለአንዳንዱ ብቻ? አባትና ወንዶች ልጆች እሳት ከበው ሲጫወቱ እናት እስከ እኩለ ሌሊት የምትሠራ ከሆነ ያ ቤት ለእርሷ የዕረፍት ስፍራ አይደለም። ሥራው በጊዜው ከተካፈለ ግን እርሷም ከእሳቱ ዳር ትቀመጣለች።

ሌሎች ደግሞ «እኛ ድኾች ነን፤ ውሃውም ሩቅ ነው፥ እንጨቱም ከባድ ነው፤ ሥርዐት ምን ይረዳናል?» ይላሉ። ይህ አነጋገር በንቀት ሊታለፍ አይገባውም። ሥርዐት ምንጩን ወደ ደጅ አያቀርበውም። ሆኖም ምንጩ ሩቅ ሲሆን ሁለት ጊዜ መመላለስ ይበልጥ ያደክማል፤ ስለዚህ አስቦ አንድ ጊዜ መሄድ የሚጠቅመው ከሁሉ ይልቅ ድኻውን ነው። ውሃ የሚቀዳውም አንድ ሰው ብቻ እንዲሆን የሚያስገድድ ነገር የለም። «ወንድ ልጅ እንስራ አይሸከምም» ማለት ልማድ ነው እንጂ እውነት አይደለም፤ የወንድ ልጅ ትከሻ ከእኅቱ ትከሻ የደከመ አይደለም። ዛሬ በብዙ ቤት ሰዓት የሚያሳይ የእጅ ስልክ አለ፤ ነገር ግን ስልክ ሰዓቱን ይነግራል እንጂ ሥራውን አያካፍልም። የሚያካፍለው የቤቱ ሰው ምክር ነው።

ጊዜን ማካፈል ሰውን የሥራ ባሪያ ለማድረግ አይደለም፤ ለደስታም ስፍራ ለማበጀት ነው። ብዙ የዶርዜ ሸማኔዎች በአዲስ አበባ፥ በሽሮ ሜዳና በሌላም ሰፈር ይሠራሉ። መስከረም 17 ቀን የሚከበረው የመስቀል በዓል ሲቀርብ ግን ሥራቸውን አቁመው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዘው ወደ አገራቸው የሚመለሱ ብዙ ናቸው። ያን ጊዜ ለመመለስ ገንዘቡን አስቀድሞ ማጠራቀም፥ የተቀበሉትንም ሥራ አስቀድሞ መጨረስ ያስፈልጋል። ዓመቱን ያላካፈለ ሰው በመስቀል ዕለት ከዘመዶቹ ርቆ ይውላል።

ይህን ሁሉ ለመጀመር ትልቅ ሰው እስኪሆኑ መጠበቅ አያስፈልግም። ተማሪ ማታ ከመተኛቱ በፊት ደብተሩንና ልብሱን በአንድ ስፍራ ያኑር፤ እንስራው ውሃ እንዳለበት፥ ለጠዋትም የሚነድ እንጨት እንዳለ ይመልከት። ከዚያም ወደ እናቱ ቀርቦ «እማዬ፥ ነገ የእኔ ሥራ የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ይህ ጥያቄ ከአንድ ደቂቃ የበለጠ አይፈጅም። መልሱን ሰምቶ ድርሻውን በጊዜው የሚፈጽም ልጅ ለእናቱ ዕረፍትን ይሰጣል፤ እኅቱም ዓርብ ጠዋት ደብተሯን ይዛ ከእርሱ ጋር ወደ ትምህርት ቤት ትሄዳለች።