«ለሁሉም ይሆናል» የተባለው ላፕቶፕ

ልጁ ዩኒቨርሲቲ የገባለት ወላጅ ምን ዓይነት ላፕቶፕ ልግዛ ብሎ ሲጠይቅ አሁን አሁን የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ጌሚንግ ላፕቶፕ ግዛለት፣ ለሁሉም ይሆናል።» መገናኛ ሱቅ ያለው ነጋዴም፣ በቴሌግራም ቻናል የሚሸጠውም፣ አራተኛ ዓመት የደረሰው የጎረቤት ልጅም ይህንኑ ይላሉ። ሒሳብ አያያዝ ለምትማረው ልጅም ምክሩ ይኸው ነው፣ ሕግ ለሚማረውም፣ ኮድ መጻፍ ገና ለሚጀምረውም። አብዛኛው ሰው በቅን ልብ ነው የሚመክረው። ምክሩ ግን ስህተት ነው፤ ቤተሰብ በስንት መከራ ያጠራቀመውን ገንዘብ ልጁ ለማይጠቀምበት ጉልበት እያስወጣው ነው።

ጌሚንግ ላፕቶፕ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ልደታ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ተቋም የምትማር ልጅ የነደፈችውን ሕንፃ ሉሚዮን በተባለው ፕሮግራም ወደ ምስል ስትቀይር ሥራው ሁሉ የሚወድቀው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። ተራ የቢሮ ላፕቶፕ ያንን አይችለውም። በብሌንደር አኒሜሽን የሚሠራና ከባድ ቪዲዮ የሚያቀናብርም እንደዚሁ። በብዙዎቹ ጌሚንግ ላፕቶፖች ላይ ቆይቶ ራም መጨመርም ሆነ ሁለተኛ ኤስኤስዲ መሰካት ይቻላል፤ ራማቸው ከቦርዱ ጋር ተበይዶ ከሚመጡት ቀጫጭኖቹ አንጻር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ያለውና ሥራውን ይዞ የሚንቀሳቀስ ሰው ይግዛ።

የሚሸጠው ግን ስም ነው። የኤንቪዲያን ግራፊክስ ካርድ አርቲኤክስ 4090ን እንውሰድ። በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ የሚገጠመው 16,384 ኮር፣ 24 ጊጋባይት ሜሞሪና 450 ዋት ኃይል አለው። በላፕቶፕ ውስጥ ያለው ቁጥሩ ያው 4090 ሆኖ ኮሩ 9,728፣ ሜሞሪው 16 ጊጋባይት ነው፤ ኃይሉንም ከ80 እስከ 150 ዋት ባለው መካከል የሚወስነው ላፕቶፑን የሠራው ድርጅት ነው። ቺፑ ራሱ ሌላ ነው። በእኛ ገበያ በብዛት ወደሚጠየቀው 4060 ስንወርድ ነገሩ ይብሳል። ለላፕቶፕ የተሠራው 4060 ከ35 ዋት እስከ 115 ዋት ድረስ እንዲሠራ ተፈቅዷል፤ ስለዚህ ሁለት ላፕቶፖች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንድ ዓይነት ምልክት ተለጥፎባቸው፣ አንደኛው ከሌላው በብዙ ሊዘገይ ይችላል። ቀድሞ ዝቅ ባለ ኃይል የሚሠሩት «ማክስ-ኪው» የሚል መለያ በስማቸው ላይ ነበራቸው። ከአርቲኤክስ 30 ትውልድ ጀምሮ ያ መለያ ከስሙ ወጥቷል። ገዢው ከዚያ ወዲህ መለያ የለውም።

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ «መብራት ቢጠፋም ይሠራበታል» የሚለው ማባበያ ነው። መብራት ለሚቆራረጥበት ሰው ይህ ትልቅ ተስፋ ነው፤ ለጌሚንግ ላፕቶፕ ግን እውነት አይደለም። በአውሮፕላን ያለ ልዩ ፈቃድ የሚታለፈው ባትሪ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው ስለሆነ አምራቾች ከዚያ በላይ አይገጥሙም። በሙሉ ጉልበቱ 150 ዋት የሚበላ ማሽን ያንን ባትሪ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጨርሰዋል። ባትሪው ይህን ያህል ኃይል በአንዴ መስጠት ስለማይችልም ላፕቶፑ ከቻርጀር በተነቀለ ቅጽበት ራሱ ጉልበቱን ይቀንሳል። የተከፈለበት ፍጥነት የሚገኘው ግድግዳው ላይ ሲሰካ ብቻ ነው። በአንጻሩ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት 10 ዋት ገደማ የሚበላ ቀላል ላፕቶፕ በ60 ዋት-ሰዓት ባትሪ ግማሽ ቀን ያሠራል። መብራት ለሚጠፋበት ተማሪ የሚጠቅመው የቱ እንደሆነ ግልጽ ነው።

ሙቀቱም አለ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሙቀቱን ይዞ የሚወጣው ደግሞ ፋኑ የሚገፋው አየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ የሚሸከመው ሙቀትም ይቀንሳል። የከተማዋ ብርድ በከፊል ያካክሰዋል፣ አቧራዋ ግን አያካክሰውም። ሁለት ዓመት ሳይጸዳ የሠራ ጌሚንግ ላፕቶፕ የታች ክዳኑ ሲፈታ በፋኑና በቀጫጭኖቹ የብረት ክንፎች መካከል አቧራው ተጋግሮ፣ ግራጫ የሱፍ ጨርቅ መስሎ ይገኛል፤ በወረንጦ ሲያዝ ሳይበታተን ተላቆ ይወጣል። ከሥሩ ቺፑ ላይ የተቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ደርቋል። እንዲህ የታፈነ ማሽን ሙቀቱ ከ90 ዲግሪ ሲያልፍ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ባለቤቱ «ኮምፒውተሬ አረጀ» ብሎ ሌላ ለመግዛት ያስባል፤ ማጽዳትና ፔስቱን መቀየር ይበቃው ነበር። ቺፑ ከተቃጠለ ደግሞ ከዋናው ቦርድ ጋር የተበየደ ስለሆነ ቦርዱን በሙሉ መቀየር ግድ ይላል። በዴስክቶፕ ላይ ካርዱ ብቻ ተነቅሎ ይቀየራል።

ስለዚህ ቤቱ ወይም ቢሮው ተቀምጦ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው በዚያው ዋጋ ዴስክቶፕና ዩፒኤስ ቢገዛ ይሻለዋል። ኦቶካድና ሬቪት የሚሠራ መሐንዲስ ከግራፊክስ ካርዱ ይልቅ ፈጣን ፕሮሰሰርና በቂ ራም ነው የሚያስፈልገው። የሕጉና የሒሳቡ ተማሪ፣ ኮድ ጀማሪውም ጭምር፣ ባትሪው የሚቆይና በቦርሳ የማይከብድ ይፈልጉ።

ያም ሆኖ ጌሚንግ ላፕቶፕ የሚያስፈልገው ሰው ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ማሽኑን ያስከፍት፣ የኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ገብቶ የሲስተም መረጃውን ይመልከት። ካርዱ የተፈቀደለት ከፍተኛ ዋት እዚያ ተጽፏል። ሻጮችም በማስታወቂያቸው ላይ ከካርዱ ስም ጎን ይህንን ቁጥር ይጻፉ፤ ቁጥሩን ለማሳየት የማይፈቅድ ሱቅ ካለ ገዢው ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሂድ።