መኪናውን ማን ተሸከመው?

«በጎጃም መጀመሪያ መኪና የነበረው ማን ነው?» ይህ ጥያቄ በእኛ በማቻከልና በደብረ ማርቆስ ልጆች መካከል ሲነሣ ሻይ ቤቱ ይቀወጣል። አንዱ ራስ ኃይሉን ይጠራል። ሌላው «እሳቸውማ የደብረ ማርቆስ ናቸው፤ የአማኑኤልን ንገረኝ!» ይልና አንድ የእህል ነጋዴ ስም ይጠራል። ሦስተኛው «የለም፣ የቀደመው የእኛ ዘመድ ነው» ብሎ ይሟገታል። በዚህ መካከል ሻይ ይቀዘቅዛል፣ ወዳጅ ከወዳጁ ይኳረፋል። እኛም በዚሁ ሙግት ስንከራከር ከርመናል፤ ራሳችንን ነጻ አናወጣም። አሁን ግን እንላለን፤ ጥያቄው ራሱ ጠማማ ነው። የባለቤቱን ስም እንጂ የተሸካሚውን ስም አይፈልግም።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

አዲስ አበባ መኪና ያየችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ አውቶሞቢሉን ዳግማዊ ምኒልክ ዘንድ አደረሰ። በ1909 ዓ.ም. ደግሞ ባቡሩ አዲስ አበባ ስለ ገባ፣ መኪና በፉርጎ ተጭኖ መምጣት ቻለ። በዋና ከተማው ለተቀመጠ መኰንን ነገሩ ቀለለ። ለጎጃም ግን አባይ አለ! ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል እስከ ወንዙ፣ ከወንዙም ሽቅብ እስከ ደጀን፣ ቁልቁለቱም አቀበቱም ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው። ራስ ኃይሉ ጎጃምን ሲገዙ በዚያ ገደል የነበረው መንገድ የበቅሎና የእግረኛ እንጂ የመኪና አልነበረም።

ታዲያ መኪናው ደብረ ማርቆስ እንዴት ደረሰ? ከሰማይ አልወረደ! ሽማግሌዎቻችን ሲያወሩት የኖሩት አንድ ነገር ነው፤ ተፈታትቶ፣ ጎማው ለብቻ፣ ሞተሩ ለብቻ፣ አካሉ ለብቻ፣ በሰው ትከሻ ገደሉን ወርዶ ገደሉን ወጣ። አባይ በረሃን በእግሩ የወረደ ሰው ይህን ለማመን ሌላ ምስክር አይጠይቅም። ከባድ ብረት በትከሻ ይዞ በዚያ ሐሩር አቀበት መውጣት ምን ማለት እንደ ሆነ ጉልበቱ ይነግረዋል።

ራስ ኃይሉን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ፤ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋር አውሮፓን የዞሩ፤ አዲስ አበባ ላይ የታክሲና የሲኒማ ንግድ የነበራቸው፤ በ1924 ዓ.ም. በልጅ ኢያሱ ማምለጥ እጃቸው አለበት ተብለው እስኪታሰሩ ድረስ ጎጃምን የገዙ። ይህ ሁሉ በመጽሐፍ አለ። ገንዘቡስ ከየት መጣ? ይህም አልጠፋም፤ ከገባሩ! የግብራቸው ክብደት በጎጃም ገበሬ ዘንድ ሲነገር የኖረ ነው። እንግዲህ ገባሩ መኪናውን ሁለት ጊዜ ተሸከመው፤ አንድ ጊዜ በግብር፣ አንድ ጊዜ በትከሻ። ይሁን እንጂ ከነዚያ ተሸካሚዎች የአንዱን ስም የሚነግረን አላገኘንም። አንድም!

እዚህ ላይ የሚነሣብን ተቃውሞ አይጠፋም። «እናንተ ደግሞ! ራስ ኃይሉ እኮ ሥልጣኔ ወዳድ ነበሩ፤ እሳቸው ባያስገቡት ጎጃም መኪና መቼ ያይ ነበር?» ይሉናል። አዎን፣ ለአዲስ ነገር ዓይናቸው ንቁ እንደ ነበረ አንክድም። ነገር ግን ማየትና መሳፈር አንድ አይደለም። ጎማውን ተሸክሞ የመጣው ሰው እዚያው መኪና ላይ ተቀምጦ ገበያ ሄደ ወይ? የታመመ ልጁን ሐኪም ዘንድ አደረሰበት ወይ? መልሱን እናንተም ታውቁታላችሁ። ለሱ የተረፈው ዳር ቆሞ እጅ መንሣት ነው።

ከዚያ ጠላት መጣ። በ1928 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ገባ፤ ለካሚዮኑም መንገድ ቀደደ። መንገዱ የተሠራው ለጦር ስንቅና ለመድፍ እንጂ ለአማኑኤል ጤፍና ኑግ አልነበረም። በ1933 ዓ.ም. ያው የጠላት ጦር ከቡሬ በደምበጫ አድርጎ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሸሽ መንገዱ በእኛው አገር በኩል ነበር። ካሚዮን ያለው ሸሸ፤ በባዶ እግሩ የነበረው አርበኛ አባረረ። እዚህ ላይም ስንቶቻችን ነን የካሚዮኑን ዓይነት ጠይቀን የአርበኛውን እግር የረሳን?

ከነጻነት በኋላ ደግሞ ተራው የነጋዴው ሆነ። ኤንትሬ የሚባለው የጭነት መኪና የቆመበት ደጅ የተከበረ ደጅ ነበር። በሻይ ቤት የምንሟገተው ስለነዚህ ሰዎች ነው። እኛ ግን እንጠይቃለን፤ አቀበት ላይ ሞተሩ ሲያቃስት ከኋላ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ የሚሰካው ረዳትስ? በክረምት ጭቃ ሲውጠው እስከ ጉልበታቸው ገብተው የገፉት ተሳፋሪዎችስ? ነጋዴው መኪናውን በገንዘቡ ገዛ፤ ይሁን። መኪናውን ያስኬዱት ግን እነዚህ ናቸው።

«ይህ ያለፈ ነገር ነው፤ ምን አስቆጣችሁ?» ለሚለን መልሳችን ይኸውና። ያለፈው ክረምት ከእኛ መንደር አንዲት እናት ምጥ ጠናባት። አምቡላንስ ተጠራ፤ «እየመጣ ነው» ተባለ፤ አልመጣም። ቃሬዛ አስረን፣ ስምንት ሆነን እየተፈራረቅን፣ በዝናብ ሦስት ሰዓት ተጉዘን አማኑኤል አስፋልት ላይ አወጣናት። እዚያም ብዙ ቆምን። መኪናው ሁሉ ውኃ እየረጨብን አለፈ። በመጨረሻ እህል የጫነ አይሱዙ ቆመ፤ ሾፌሩ እግዜር ይስጠው፣ ጋቢናውን ለቀቀልን። እናትየዋ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም።

በዚያ መንገድ ላይ ነው ትከሻችን ሲላጥ ያ የሻይ ቤት ሙግት ትዝ ያለን። ያኔ ትከሻ መኪናን ተሸክሞ ወደ ጌታው አደረሰ። ዛሬም ትከሻ ሰውን ተሸክሞ ወደ መኪናው ያደርሳል። ከአዲስ አበባው የመጀመሪያ መኪና ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ከአስፋልቱ ርቆ ለሚኖረው ገበሬ ግን ተሸካሚነቱ አልቀረለትም። እኛ የተማርን ነን የምንል ደግሞ ስለ ባለመኪና ስም እንጣላለን! አያሳፍርም?

ስለዚህ ጓደኞቻችን፣ ለዕረፍት አገር ስትገቡ «የመጀመሪያው ባለመኪና ማን ነበር?» ማለቱ ይብቃ። ከሽማግሌዎቹ ሥር ቁጭ በሉና «አባባ፣ አባትዎ ስለ ተሸካሚዎቹ ምን ነገሩዎት? መንገዱን ማን ቆፈረ? ስንት ተከፈለው? ማን ሞተበት?» ብላችሁ ጠይቁ። ያ ታኮ ሰኪ ረዳት ዛሬም በአንዱ ደጃፍ ፀሐይ ይሞቅ ይሆናል፤ ሳይቀድመን እንድረስበት። ስም ያገኘ ስሙን ያምጣ፤ በዚሁ ገጽ እናወጣዋለን። መንደራችሁ ከአስፋልት ስንት ሰዓት በቃሬዛ እንደሚያስኬድም አብራችሁ ጻፉ። ሁለቱን ጎን ለጎን እናትማቸው።

ተሳስታችኋል የሚለን ካለ ደግሞ ይጻፍልን። ገጹ ክፍት ነው።