«ለምን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ ቦታው የት ነው?

የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ የሚመረጥበት ሰሞን ስለሆነ በሆዴ የያዝኩትን ልናገር። ርዕስ ይዘን ስንቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ «ይሄ ለምን ይጠቅማል?» ነው። ውጤቱንም እናውቀዋለን፤ ሁላችንም ጥቅሙ ወደታወቀው እንሮጣለን፣ የአምናው ባትሪ ቻርጀር ዘንድሮ በሌላ ተማሪ ስም ይመጣል። በእኔ አስተያየት ጥያቄው ክፋት የለውም፣ መጀመሪያ መምጣቱ ነው ችግሩ። ለዚህም ሄርበርት ክሮመርን ምስክር እጠራለሁ።

ክሮመር እ.ኤ.አ. በ1928 በጀርመን ቫይማር ከተማ ተወለደ። በ1952 ከጎቲንገን ዶክትሬቱን ይዞ የገባው ጀርመን ፖስታ መሥሪያ ቤት ነው። (አዎ፣ ፖስታ ቤት! ያኔ ስልኩም በፖስታ ሥር ነበር።) ከዚያ አር.ሲ.ኤ.፣ ፊሊፕስ፣ በ1959 ደግሞ ካሊፎርኒያ የሚገኘው ቫሪያን ኩባንያ።

እዚያ እያለ በ1963 የሴሚኮንዳክተር ሌዘር ከተሠራ ገና ዓመቱ ነበር። ይሠራ የነበረው በከፍተኛ ቅዝቃዜ፣ ያውም ብልጭ ድርግም እያለ ነው። አንድ ባልደረባው ሌዘሩ በክፍል ሙቀት ያለማቋረጥ የማይሠራበትን ምክንያት ሲያስረዳ ክሮመር መፍትሔው ታየው። ችግሩ ኤሌክትሮኖችና ሆሎች በበቂ መጠን ሳይጠራቀሙ መበተናቸው ነው። ታዲያ ኢነርጂ ጋፑ ጠባብ የሆነውን ሴሚኮንዳክተር፣ ጋፓቸው በሰፋ ሁለት ንብርብሮች መሃል ብናስገባውስ? ሁለቱም መሃል ላይ ይታጎራሉ፣ መውጫ የላቸውም። ነገሩ ይኸው ነው እኮ! የባንድ ዲያግራሙን ስሎ ማየት ነው።

ጽሑፉን አንድ ጆርናል መለሰበት፣ ሌላ ዘንድ አሳተመው። የባሰው የኩባንያው መልስ ነው፦ ይህ ሌዘር ተግባራዊ ጥቅም ስለማይኖረው ለምርምሩ የሚሰጥ ገንዘብ የለም። ክሮመር ወደ ሌላ ሥራ ዞረ። በ1970 ግን ያንኑ ሐሳብ ለብቻቸው አስበውት የነበሩት የሶቪየቱ አልፌሮቭና ባልደረቦቹ፣ እንዲሁም የአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ሌዘሩን በክፍል ሙቀት አሠሩት። የሲዲ ማጫወቻውም በፋይበር የሚመጣው ኢንተርኔትም ከዚህ ወጡ። በ2000 ክሮመር ከአልፌሮቭና ከጃክ ኪልቢ ጋር ኖቤል ተሸለመ፤ በ2024 በ95 ዓመቱ አረፈ።

ኩባንያውን ለመውቀስ አይደለም፤ በ1963 ሲዲን ማን ያውቀዋል? ነጥቡም ይኸው ነው። ክሮመር ራሱ እንደሚለው አዲስ ቴክኖሎጂ ዋና ጥቅሙን የሚፈጥረው ራሱ ነው።

«እኛ ደሃ ነን፣ ላብ የለንም» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። የ1963ቱ ሐሳብ ግን የፈለገው ወረቀትና እርሳስ ነበር፤ መሥሪያው ቴክኖሎጂ እንኳን ገና አልነበረም። ደግሞ በ1976 ሳንታ ባርባራ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ ትንሿን በጀት ትልልቆቹ በሚሻሙበት በሲሊከን ላይ ሳይሆን ገና ባልተጨናነቀው የውህድ ሴሚኮንዳክተር መስክ ላይ እንድትውል ያሳመነው እሱ ነው። ገንዘብ ያነሰው ክፍል ይህን ቢያጠና አይጎዳም።

ስለዚህ የርዕስ ማቅረቢያው ቅጽ መጀመሪያ «ያልታወቀው ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቀን። «ጥቅሙ» የሚለው መስመር መጨረሻ ላይ ይሁን፣ ባዶ የተወውም ተማሪ በዚያ ብቻ አይመለስ።