ከአሮጌ ኮምፒዩተር ጽሑፍ ለማውጣት የትኛው ይሻላል?

ዕድሜው ከሠላሳ ዓመት ያለፈ አንድ ኮምፒዩተር በቤታችሁ ጥግ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል እንበል። በሆዱም የአንድ ጡረተኛ መምህር የብዙ ዓመት የአማርኛ ጽሑፍ ይገኛል። አዲሱ ኮምፒዩተር ያንን ሰፊ ዲስክ የሚያጎርስበት አፍ የለውም፤ አሮጌው ደግሞ ኢንተርኔትን አያውቅም። የሚቀረው መንገድ ሁለቱን በጀርባ መሰኪያቸው በሽቦ ማገናኘት ነው።

ሽቦው ብቻውን ግን ምንም አያደርግም፤ በሁለቱም ወገን የተርሚናል ፕሮግራም ያስፈልጋል። ፕሮኮም፣ ቴሊክስ፣ ከርሚት፣ ከዊንዶስ 95 እስከ ዊንዶስ ኤክስፒ ድረስ አብሮ ይመጣ የነበረው ሃይፐርተርሚናልም የዚሁ ወገን ናቸው። ስለ መልካቸው መከራከር አያሻም። ቁም ነገሩ ፋይሉን የሚያሻግሩበት ሥርዓት ነው።

ቀዳሚው ኤክስሞደም ነው። ይህን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1977 ያዘጋጀው ዋርድ ክሪስተንሰን የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ ፋይሉን በ128 ባይት እየቆራረጠ ይልካል፤ ከእያንዳንዱም ቁራጭ በኋላ «ደርሷል» የሚል ምላሽ ይጠብቃል። ቀላልነቱ ያስመሰግነዋል። ዳሩ ግን የመጀመሪያው ዓይነት ስሕተትን የሚመረምረው በአንድ ባይት ድምር ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት ስሕተቶች እርስ በርሳቸው ከተካካሱ ድምሩ ትክክል መስሎ ያልፋል። የፋይሉንም ስም አይልክም፤ የመጨረሻው ቁራጭ 128 ካልሞላም ከራሱ ይጨምርበታል። በኔ አስተያየት ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ የሚያዝ ነው።

ቸክ ፎርስበርግ በ1986 ያወጣው ዚሞደም ግን ሌላ ነው። በየቁራጩ ምላሽ አይጠብቅም፤ ምርመራው ጠንካራ ነው፤ መስመሩ ቢቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል። ሽቦው ደኅና ከሆነና ፕሮግራሙ በሁለቱም ወገን ካለ እርሱን የመረጠን ሰው አልከራከርም።

እኔ የማደላው ለከርሚት ነው። በ1981 በኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሲወለድ ስሙን ያገኘው በቴሌቪዥን ከሚታይ የአሻንጉሊት እንቁራሪት ነው። ተማሪዎች ሥራቸውን ከማዕከላዊው ትልቅ ኮምፒዩተር ወደ ትንንሽ ዲስኮች እንዲያዛውሩ ተብሎ ስለተሠራ፣ ከመነሻው ባሕርያቸው የተለያየ ማሽኖችን ማስማማት ለመደ። አሮጌው ማሽናችሁ ምንም ዓይነት ይሁን፣ ለእርሱ የሚሆን ከርሚት የመኖሩ ዕድል ሰፊ ነው። ፕሮግራሙን በዲስክ ማስገባት ባይቻል እንኳ፣ ለአይቢኤም ማሽኖች አጭር የቤዚክ ፕሮግራም በእጅ ጽፎ ከርሚትን በፊደል መልክ በሽቦው ተቀብሎ የማቋቋም ዘዴ ተዘጋጅቶለት ነበር። ይህን ብልኃት ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

«ከርሚት ቀርፋፋ ነው» ይባላል። እርግጥ፣ የመጀመሪያው ዓይነት ከ94 ፊደል ያልበለጠ ጥቅል ስለሚልክ ይዘገያል፤ ብዙዎች ያወቁትም በሌሎች ፕሮግራሞች ውስጥ የገባውን ይህንኑ ነው። በኋላ ግን ረጅም ጥቅል መላክን ተማረ። ደግሞስ የምንጣደፈው ወዴት ነው? በሴኮንድ 9600 ቢት በሚያሳልፍ መስመር 360 ኪሎ ባይት የሚይዝ ዲስክ በስድስት ደቂቃ ተኩል ያህል ያልቃል። እጥፍ ቢፈጅ እንኳ ቡና ሳይፈላ ይደርሳል።

ለአማርኛ ጽሑፍ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ እስኪገባ ድረስ፣ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለፊደላቱ በየራሳቸው ቁጥር ይሰጡ ነበር። ቁጥሩ ከ127 በላይ ከሆነና በመንገድ ስምንተኛው ቢት ከጠፋ፣ «ሰላም» የተባለው ቃል ማንም ሊገምተው የማይችል የምልክት ክምር ይሆናል። ዚሞደም ስምንቱንም ቢት የሚያሳልፍ መስመር ይሻል። ከርሚት ግን መስመሩ ሰባት ቢት ብቻ መሆኑ ከተነገረው፣ የጎደለውን በምልክት ተክቶ ያሻግራል። ብቻ እናንተም ፋይሉን በሁለቱም ወገን «ባይነሪ» ማለትን አትርሱ፤ አለዚያ እንደ ተራ ጽሑፍ ቆጥሮ ሊለውጠው ይችላል።

ሲያበቃ የፋይሉን መጠን በሁለቱም ኮምፒዩተሮች ላይ በባይት አስተያዩ። በአንድ እንኳ ከተለያየ እንደገና ላኩት። ዲስኩንም መምህሩ ጽሑፋቸውን በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ እስኪያነቡት ድረስ አትጣሉት።