ማዳበሪያ የሚሸጥበት ቀንና መሬት የሚገባበት ቀን

በተባበሩት ያሜሪካ መንግሥታት በቆሎ በብዛት በሚመረትባቸው በአይዋና በኢሊኖይ ክፍላተ ሀገር፣ አዝመራው ተሰብስቦ እንዳበቃ በጥቅምትና በኅዳር ወር አንድ ሰፊ ንግድ ይካሄዳል። ይኸውም ለሚመጣው ዓመት በቆሎ የሚሆነውን የናይትሮጅን ማዳበሪያ፣ ዘሩ ከመዘራቱ ስድስት ወር ያህል አስቀድሞ ሸጦ መሬት ውስጥ ማስገባት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚገባው አሞኒያ የተባለው ጋዝ ሲሆን ከመቶው 82 እጅ ናይትሮጅን ነው፤ በግፊት ፈሳሽ ሆኖ በታንክ እየተጎተተ፣ በስለት በተቀደደ ትልም ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት ይቀበራል።

ነጋዴው ይህን ልማድ የወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። በሚያዝያና በግንቦት ዝናም ሲበዛ ለእርሻ የሚመች ደረቅ ቀን ጥቂት ስለሚሆን፣ ደንበኛው ሁሉ በአንድ ሳምንት ታንክ ቢጠይቅ ለማዳረስ ያስቸግራል። ገበሬውም በመከር ማግሥት ጊዜም ደረቅ መሬትም ያገኛል፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከጸደዩ ይረክሳል። እስከዚህ ድረስ ሒሳቡ ትክክል ነው።

አፈሩ ግን የነጋዴውን መዝገብ አያይም። አሞኒያው መሬት ሲገባ አሞኒየም ወደሚባል መልክ ተለውጦ ከሸክላው ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። አፈሩ ገና ሞቃት ከሆነ ግን በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬትን ደግሞ አፈር አይዘውም፤ በጸደይ ዝናም ታጥቦ ወደ ቦይና ወደ ወንዝ ይሄዳል፣ ውሃ በተኛበት ማሳም ጋዝ ሆኖ ያመልጣል። ስለዚህ የግብርና ሊቃውንት በ10 ሳንቲሜትር ጥልቀት የአፈሩ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ወርዶ እየቀዘቀዘ እስኪሄድ ድረስ እንዲጠበቅ ይመክራሉ። በአሸዋማ መሬት፣ እንዲሁም ብርዱ በማይጠናበት በደቡብ ኢሊኖይ፣ በመከር ወራት ጨርሶ እንዳይገባ ይላሉ። ናይትራፒሪን የተባለው መድኃኒት ለውጡን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ እሱም ቢሆን በነጻ አይገኝም።

ዕዳው ከገበሬው አልፎ ወደ ሦስተኛ ሰው ይተላለፋል። በአይዋ የዴ ሞይን ከተማ የውሃ ድርጅት ናይትሬትን ከመጠጥ ውሃ የሚለይ መሣሪያ ተክሎ ወጪውን ለመቻል ተገድዷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. በሦስት አውራጃዎች የሚገኙትን የማፋሰሻ ቦዮች አስተዳዳሪዎች ከሰሰ፤ ክሱም በ2017 ዓ.ም. ውድቅ ሆነ። ናይትሬቱ ሁሉ ከመከር ወራት ማዳበሪያ የመጣ ባይሆንም፣ የሚኒሶታ ክፍለ ሀገር በ2019 ዓ.ም. ደንብ አውጥቶ፣ የከርሰ ምድር ውሃ በቀላሉ በሚበከልባቸው ቦታዎች በመከር ወራት ናይትሮጅን ማስገባትን ከ2020 ዓ.ም. ጀምሮ ከልክሏል። ነጋዴ ራሱ ያላስተካከለውን ልማድ መንግሥት በደንብ ሲያስተካክለው ማየት አዲስ ነገር አይደለም።

በበኩሌ የሚሻለው የሽያጩን ቀን ከማሳው ቀን መለየት ይመስለኛል። ዋጋው በጥቅምት ይቆረጥ፣ ቀብዱም ይከፈል፤ ማዳበሪያው ግን ገሚሱ በዘር ጊዜ፣ ገሚሱ በቆሎው ከበቀለ በኋላ ይግባ። ይህ ተጨማሪ ታንክና መጋዘን ስለሚጠይቅ ሻጩ ካፒታሌ ይታሰራል ብሎ ማጉረምረሙ አይቀርም። እውነትም ይታሰራል። ነገር ግን ከደንበኛው ማሳ ታጥቦ የሄደው ናይትሮጅን የማን ካፒታል ነበር?

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በጅቡቲ በኩል የሚገባልን ዩሪያ ከመቶው 46 እጅ ናይትሮጅን ስለ ሆነ፣ በአንድ ባለ 50 ኪሎ ጆንያ ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ለበቆሎ የሚመከረውም ገሚሱን በዘር ጊዜ፣ ገሚሱን ሰብሉ ጉልበት ሲደርስ መጨመር ነው። ይሁን እንጂ ሁሉንም በአንድ ጉዞ ተሸክሞ የሄደ ገበሬ ሁሉንም በአንድ ቀን ለመጨረስ ይፈተናል፤ የሐምሌም ዝናም ሥር ገና ያልሰደደውን ሰብል አልፎ ዩሪያውን ይወስደዋል። ማዳበሪያውን በብዛት የሚያስመጣው የመንግሥት ድርጅት፣ የሚያከፋፍለውም የኅብረት ሥራ ማኅበር ቢሆንም፣ በቆሎውን የሚገዛውና በአዝመራው ተስፋ ዱቤ የሚሰጠው ግን የዚህ ጋዜጣ አንባቢ ነው። ስለዚህ ባለሱቁ ለደንበኛው ሁለተኛውን ገሚስ እንዲያቆይ ይንገረው፤ የጭነት መኪና ባለቤትም ይህ ገሚስ መንገዱ ሳይጨቀይ ወረዳ መጋዘን እንዲደርስ ውሉን ቀድሞ ይያዝ። ዩሪያ እርጥበት ስለሚስብ፣ እስከ ሐምሌ የሚቆየው ጆንያ አፉ ሳይከፈት ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ይደርደር።